በቀኝ በኩል ያለው ፍሬን

«ንቀላትና ኪስህ ክተታት። አርጅታ ሞተች እንለዋለን፣ አለቀ።»

ይህን ያለው ታላቅ ወንድሟ ነው። በሹክሹክታ ነው ያለው፤ ግን እሱ ሲያንሾካሹክ ጎረቤት ይሰማል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ምስጢር አይሆንለትም። የመኪና መንዳት አሰልጣኟ የአባቷን የግቢ በር ገፋ አድርጋ ስትገባ ጆሮዋ ውስጥ ጥልቅ ያለው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ሆነ። የአባቷ አሮጌ መኪና በቆርቆሮው ጥላ ስር ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ወንድሟ አንገቱን ወደ ቤቱ አስግጎ ዘብ ይዟል። መካኒኩ እስከ ወገቡ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ቆየና ጡጫ የምታክል ጥቁር ክዳን ይዞ ብቅ አለ፤ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የምታከፋፍለው ክዳን ናት፣ እሷ ከሌለች መኪናዋ ቁልፍ ሲዞርባት ቢውልም አትነሳም። ኪሱ ሊከታት ሲል አሰልጣኟን አያትና እጁ አየር ላይ ቀረ። የሰፈሩን መኪና ሁሉ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ጎልማሳ ነው፤ አሁን ግን ስኳር ሲልስ የተያዘ ልጅ መሰለ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች።

«ድምፅሽን ቀንሺ። አባባ እየተላጨ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት አባታቸው ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈሩ ወደ ግራ ሲታጠፉ የፍራፍሬ ሻጯን ጠረጴዛ ገጭተው ብርቱካኑን እስከ ቦዩ ድረስ በተኑት። ደግነቱ ሴትዮዋ ከረጢት ልታመጣ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ነበር፤ ከብርቱካኑ በስተቀር የተጎዳ አልነበረም። አባትየው ወርደው ይቅርታ ጠየቁ፣ ብርቱካኑን አብረው ለቀሙ፣ የፈረጠውን ሁሉ ገዝተው ይዘው ቤታቸው ገቡ፤ ቤቱ ለቀናት ብርቱካን ብርቱካን ሸተተ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ፣ ወንድሟ፣ እሷና ታናሽ እህታቸው፣ እርስ በርስ ሲደዋወሉ ሰነበቱ። ነገ በጠረጴዛው ቦታ ሰው ቢሆንስ? ይህን ሦስቱም ተጠያይቀዋል። ለአባታቸው ግን ትንፍሽ ያለ የለም።

«ታዲያ ፊት ለፊት አይነገረውም? እንደ ሕፃን ይታለላል?» አለች አሰልጣኟ።

«አንቺ ንገሪያ! እኔማ ገና ‹አባባ› ብዬ አፌን ስከፍት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነው የምሆነው። ቁልፍህን አምጣ ልበለው? ለዚያ ሰውዬ?» ወንድሟ ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ክፋት እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር።

«እኔም እኮ ተማሪያቸው ነኝ» አለ መካኒኩ፣ ክዳኗን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዘዋወረ። «ቲቸር ይህን ቢሰሙ የት እገባለሁ?»

እዚያው ቆመው በሹክሹክታ ተሟገቱ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማሙ። የእሷ እንጀራ መኪና መንዳት ማስተማር ነው፤ አባቷን ዛሬውኑ በማሰልጠኛ መኪናዋ ይዛቸው ትወጣለች፣ እሳቸው ይነዳሉ፣ እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ታያለች። ይችላል ካለች ክዳኗ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። አይችልም ካለች የምትነግራቸው ራሷ ናት፤ በአፏ፣ ዓይናቸውን እያየች። ወንድሟ እፎይ አለ፤ ከባድ ቁምሳጥን ሲሸከም ቆይቶ ሰው አንዱን ጫፍ ያነሳለት ይመስል ትከሻው ወረደ። እስከዚያው ግን ክዳኗ መካኒኩ ኪስ ውስጥ ትቆይ አለ። እሷም መከራከሩ ሰለቻትና ተወችው።

ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ያችኑ ጠባብ ቦታ ደግሞ መጽሐፍ ተሻምቷታል። መደርደሪያ የሞላው መስኮቱ ላይ ወጥቷል፣ መስኮቱን የሞላው ወንበር ላይ ወርዷል፣ እንግዳ ሲመጣ መጽሐፍ ከወንበር አንስቶ ሌላ ወንበር ላይ ማስቀመጥ የዚህ ቤት ሰላምታ ነው። ታናሽ እህቷ ቀድማ ደርሳ ሻይ አፍልታለች። አባትየው ተላጭተው፣ አገጫቸው ላይ ምላጭ የነካትን ቦታ በቁራጭ ወረቀት ለጥፈው፣ ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠዋል። ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚላቸው፤ ያስተማሯቸው ብቻ ሳይሆኑ አንድ ቀን እንኳ ክፍላቸው ገብተው የማያውቁት ጋዜጣ አዟሪውና የባንክ ቤቱ ዘበኛም ጭምር። ታናሽ እህቷ ሻዩን በግራቸው አስቀመጠችና፣ ትንሽ ቆይታ፣ ምንም ሳትል ወደ ቀኛቸው አዞረችው። አሰልጣኟ አየች፤ ግን ለምን ብላ አልጠየቀችም። ስለ ቤንዚን ዋጋ ተወራ። ስለ ውሃ መጥፋት ተወራ። ከዚያ ወሬው አለቀና አራቱም ሻያቸውን ማማሰል ያዙ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«አባባ፣ ዛሬ በኔ መኪና ትንሽ ንዳልኝ እስቲ» አለች።

ቲቸር ኩባያቸውን አስቀመጡ። «ፈተና ነው?»

ወንድሟ ጣሪያውን አየ። እህቷ ዳቦ ልትቆርጥ ቢላዋ አነሳች፤ ዳቦው ተቆርጦ ካለቀ ቆይቷል።

«ፈተና ነው» አለች።

«ጥሩ። ተፈታኙ ፈተና መሆኑን ሲያውቅ ደስ ይለኛል። ኮቴን ልልበስ» አሉና ተነሱ።

እሳቸው ኮታቸውን እስኪለብሱ አሰልጣኟ ቀድማ ወጣች። መኪናዋ በር ላይ ቆማለች፤ ነጭ፣ ትንሽ፣ ጣሪያዋ ላይ ለማጅ የሚል ቀይ ጽሑፍ የተሸከመች፣ በስንት ተማሪ ማርሿ ተንገጫግጮ ገና ያልተማረረች መኪና ናት። እንደ ማሰልጠኛ መኪና ሁሉ በቀኝ በኩል፣ በአሰልጣኟ እግር ስር፣ ሁለተኛ ፍሬን አላት። ከሌሎቹ የምትለየው በደወሏ ነው። መኪናዋ የተገዛች ሰሞን ቲቸር መጥተው ያንን ሁለተኛ ፍሬን ጎንበስ ብለው አዩትና፣ አንቺ ስትረግጪው ተማሪው በምን ያውቃል ብለው ጠየቁ። አያውቅም፣ ራሱ ያቆማት ይመስለዋል አለቻቸው። ቲቸር ተቆጡ። ታዲያ ያልቻለውን ችያለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው? አስተማሪ አይደለሽም እንዴ? አሉ። በሳምንቱ የራሳቸውን ቤት የበር ደወል ነቅለው፣ መካኒኩን ጠርተው፣ ከቀኙ ፍሬን ጋር አስቀጠሉት። እሷ ፍሬን በረገጠች ቁጥር ደወሉ ይጮሃል። እስከ ዛሬ የቲቸር ቤት የመጣ ሰው በሩን በእጁ ይደበድባል። ተማሪዎቿ ደወሉን ሲሰሙ ያፍራሉ፣ አንዳንዱም ያለቅሳል፤ ግን ከእሷ ዘንድ የወጣ ሹፌር የቻለውንና ያልቻለውን ለይቶ ያውቃል። ሌሎቹ አሰልጣኞች «ደወሏ» ነው የሚሏት። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ አሁን የሙያ ስሟ ሆኗል።

ሾፌሩ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ይህን ደወል ማሰብ ጀመረች። አባቷ ለማጅ የሚል ጽሑፍ ከራሳቸው በላይ ተሸክመው ሰፈሩን ሲያቋርጡ፣ ያ ድምፅ በላያቸው ሲጮህባቸው ታያት። ጎንበስ አለችና ከዳሽቦርዱ ስር ቀይዋን ሽቦ ሳብ አደረገች። ሽቦዋ እንደ ላላ ጥርስ ተነቅላ መጣች። ቀና ስትል ቲቸር ኮታቸውን እየቆለፉ በሩ ላይ ቆመዋል። ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችላቸው።

ቲቸር ሲነዱ ማየት ደስ ይላል። ይህን ልጃቸው ስለሆነች አይደለም የምትለው፤ ቀኑን ሙሉ መሪ እንደ ገደል ጫፍ አንቀው የሚይዙ ሰዎች አጠገብ የምትቀመጥ ሴት ስለሆነች ነው። ወንበሩን አስተካከሉ፣ ስፖኪዮዎቹን አስተካከሉ፣ ማርሹን ሳያስጮኹት አስገቡ። መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ መነሣቷ እንኳ አልታወቀም። ከፊት ያለው የጭነት መኪና ፍሬን ከመርገጡ በፊት እሳቸው ነዳጅ ቀንሰዋል። ጉድጓዱን፣ ከጉድጓዱ ማዶ ያለውን ውሃ፣ ከውሃው ማዶ የቆመችውን ሱሪዋ ላይ እንዳይረጭ የሰጋች ልጅ፣ ሁሉን ከሩቅ ያያሉ። አሰልጣኟ በልቧ ይችላል፣ በደንብ ይችላል ማለት ጀመረች። ወንድሟን በስልክ የምትለውንም አዘጋጀች።

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ ቲቸር መብራት ላይ ሲቆሙ። «እኔ አሁን ምን ነኝ?»

ሳቋ መጣ። ይህ የድሮ ጨዋታቸው ነው። «ኢን ኮንትሮል ኦቭ ዘ ካር።»

«መኪናዋስ?»

«አንደር ኮንትሮል።»

«ያ ሚኒባስስ?» ከጎናቸው መብራቱን ጥሶ የሄደውን ማለታቸው ነው።

«አውት ኦቭ ኮንትሮል!» አለችና ሁለቱም ሳቁ።

ቲቸር ዕድሜያቸውን በሙሉ እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ ወጡ። ከእንግሊዝኛም የሚወዱት ትልልቆቹን ቃላት አይደለም፤ ሌላው መምህር በችኮላ የሚያልፋቸውን ትንንሾቹን መስተዋድዶች ነው። ኮንትሮል የሚለውን ስም ሰሌዳው ላይ በትልቁ ይጽፉና፣ ይህ ቃል ብቻውን ሲቆም ደንቆሮ ነው፣ ማን በላይ ማን ከታች እንደሆነ አያውቅም ይሉ ነበር። ከዚያ ተማሪዎቹን ያስነሳሉ። አንዱ ወንበር ላይ ይወጣል፣ እሱ ኦቨር ነው። አንዱ ጠረጴዛ ስር ይገባል፣ አንደር። አንዱ ከክፍል ይወጣል፣ አውት ኦቭ። ዛሬ ክዳኗን ኪሱ የከተታት መካኒክ በዚያ ዘመን ዓመቱን ሙሉ አውት ኦቭ ነበር፤ ሌላ ቦታ ሞክር ሲባል እንኳ ውጭው ይሻለኛል ይል ነበር። አንዱ ደግሞ የመምህሩ ቦታ ላይ ጠመኔ ይዞ ይቆማል፣ በሌላኛው እጁ የጓደኛውን ትከሻ ይይዛል። ያዡ ኢን ኮንትሮል ኦቭ ነው፤ የተያዘው ኢን ዘ ኮንትሮል ኦቭ። አያችሁ፣ ይሉ ነበር ቲቸር እየተደሰቱ፣ አንዲት ‹ዘ› መሃል ገብታ ያዡን ተያዥ አደረገችው! በኛም ቋንቋ ያው ነው፣ ቁጥጥር ምን ያውቃል? በቁጥጥር ስር፣ ከቁጥጥር ውጭ፤ ወሬውን የሚያወሩት ስርና ውጭ ናቸው። ተማሪዎቹ ይህን ሁሉ በእግራቸውና በጉልበታቸው ተምረውታል፣ ሌላው ሁሉ ሲጠፋቸው ይህ አልጠፋቸውም። አንድ ሌላ ነገርም አልረሱም። ተማሪ ሰሌዳው ላይ የቲቸርን ስህተት ካገኘ፣ ቲቸር ጠመኔውን ይሰጡታል። ከዚያ ሄደው የልጁ ቦታ ላይ፣ ከልጆቹ መሃል ተጣበው ይቀመጣሉ፤ ልጁ አስተካክሎ እስኪጨርስ መናገር ሲፈልጉ እጃቸውን ያወጣሉ። ከሌላ ክፍል በመስኮት ሊያይ የሚመጣ ነበር።

መብራቱ ለቀቀ። ገበያው አጠገብ ያለው ዜብራ ላይ ሲደርሱ አንዲት ሴት ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ በጎኗ ታቅፋ ከግራ በኩል መሻገር ጀመረች። አሰልጣኟ አየቻት። እንደ ሁሉም ነገር እሷንም ከሩቅ አይተዋታል ብላ ጠበቀች። መኪናዋ አልቀነሰችም። ሴትየዋ ሹፌሩ ያየኛል ብላ በልበ ሙሉነት ትራመዳለች። አሰልጣኟ የአባቷን ፊት አየች፤ ዓይናቸው ቀጥታ ወደ ፊት ነው፣ የተረጋጋ ነው፣ ሴትየዋ በዚያ ዓይን ውስጥ የለችም። እግሯ በራሱ ረገጠ። መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች፣ ሳፋዋ የኮፈኑን ጫፍ ዳበስ አድርጋ አለፈች። ሴትየዋ በመስታወቱ ገላምጣቸው ሄደች። ደወል አልጮኸም።

ቲቸር ማርሹን አስገብተው ቀጠሉ። አሰልጣኟ ዞር ብላ በግራው መስኮት ሴትየዋ የመጣችበትን ዳር አየች። በግራ የነበረው ጠረጴዛ። በግራ ተቀምጦ ወደ ቀኝ የዞረው ሻይ። ታናሽ እህቷ ሳትናገር የምታውቀውን ነገር አሁን እሷም አወቀችው፤ አባቷ ፊት ለፊታቸውን እስከ ዓለም ጫፍ ያያሉ፣ በግራቸው በኩል ያለውን ግን አያዩም። የእንግሊዝኛው ጨዋታ ቀረ፤ ምን ነኝ፣ ምን ናት ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። እንዲሁ በዝምታ ለማጆች የሚለማመዱበት ሰፊ ሜዳ ደረሱ። ቲቸር ሁለት የቀለም በርሜሎች መሃል፣ አንድ ክንድ እንኳ ትርፍ በሌለው ቦታ፣ ወደ ኋላ በአንድ ጊዜ አስገብተው አቆሙ። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ሞተሩን አጠፉ።

«ደወሌ የት ሄደ?» አሉ።

አንገቷን ደፋች። «ነቀልኩት።»

«መኪናዋ ስትቆም እኔ አልረገጥኩም። እግሬ ነዳጁ ላይ ነበር። ትንሽ ጠበቅኩ፣ ትነግረኛለች ብዬ። ማን ነበር?»

«ሴትዮ። ሳፋ የያዘች። ከግራ ነው የመጣችው።»

ቲቸር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲናገሩ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፣ እሱ ነው የባሰባት። «ወንድምሽ ዛሬ ከመኪናዬ ሆድ ውስጥ ዕቃ አስወጥቷል። ፊት ለፊት ያለውን አሁንም አያለሁ፤ የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ደግሞ መኪናዋ ፊት ለፊት ነው። እህትሽ ሻዬን ወደ ቀኝ ታዞራለች፣ ሳያየው ቀርቶ እንዳያፍር ብላ። አንቺ ደግሞ ሽቦ ነቀልሽ። ሁላችሁም ፍሬን ትረግጡልኛላችሁ፣ ደወል ያለው ግን ከመሃላችሁ አንድም የለም። እኔ ራሴ ያቆምኩ ይመስለኛል። ያልቻልኩትን ችያለሁ ብዬ ቤቴ እገባለሁ።»

«አባባ፣ እንዳይጮህብህ ብዬ ነው። ሆዴ እምቢ አለኝ» አለችና አለቀሰች። ስንት ተማሪ ያለቀሰበት መኪና ውስጥ ዛሬ ተራው የእሷ ሆነ።

ቲቸር መሐረባቸውን አውጥተው ሰጧት። እስክትጨርስ ጠበቋት፤ መጠበቅ የሚያውቁበት ሰው ናቸው። ከዚያ፣ «በይ ግጠሚው» አሉ። «ፈተናውን ገና አልተፈተንኩትም። የመጀመሪያው አይቆጠርም፣ ተኮራርጀናል።»

ጎንበስ ብላ ሽቦዋን ፈልጋ መለሰቻት። ሽቦዋ ሁለቴ አመለጠቻት፤ ቲቸር ወርደው መጥተው፣ በሩ ጋ አጎንብሰው፣ ብርሃን እንዳይከለክሏት ኮታቸውን ሰብስበው ቆሙ። ሲገጠም ፍሬኑን በእጇ ጫን አለችው። ደወሉ ጮኸ። ቲቸር ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደ ጥሩ መልስ።

«አሁን ስሚ» አሉ ሾፌሩ ወንበር ላይ እንደገና ሲቀመጡ። «አታዳዪ። ለማንኛውም ለማጅ የምታደርጊውን አድርጊ።»

የመልሱ መንገድ ረጅም ሆነባት። እግሯ ከፍሬኑ በላይ ተንጠልጥሎ፣ እንዳትረግጥ ፈጣሪዋን እየለመነች፣ መርገጥ ካለባትም እንዳትዘገይ እየለመነች ትሄዳለች። ሁለቱ ልመናዎች እርስ በርስ ይጣላሉ። ቲቸር አሁን ሌላ አነዳድ ይነዳሉ። በየመታጠፊያው አንገታቸውን እስከ ትከሻቸው አዙረው ግራውን ያያሉ፤ ሽማግሌ አንገት ነው፣ ሲዞር ኮሌታው ይጨንቀዋል፣ ግን ያዞሩታል። ገበያው አጠገብ ያለው ዜብራ ላይ ገና ከሩቅ ቀንሰው፣ አንገታቸውን አዙረው፣ ከግራ ለሚመጡ ሁለት ሰዎች ቆሙ። ደወል አልጮኸም። አሁን ያልጮኸው በእውነት ነው። አሰልጣኟ የአባቷን ጉንጭ፣ ያችን ወረቀት የተለጠፈባትን አገጭ አየችና፣ በዚህ ዕድሜ፣ በአንድ ጠዋት፣ አዲስ ነገር የሚማር ሰው አየሁ ብላ ኩራት ወጥሮ ያዛት። ሁለተኛውን መታጠፊያ አለፉ። ሦስተኛውንም። ልቧ ይሆናል፣ ይሆናል እያለ መምታት ጀመረ። ወንድሟ ክዳኗን ይመልሳታል።

የሰፈራቸው መንገድ ላይ ሲደርሱ ከፊት አንድ መኪና እየወጣ ነበር። ቲቸር ዓይናቸውን እሱ ላይ ጣሉ፣ ቀነሱ፣ ቦታ ሰጡት። ትክክል ነበሩ። ግን ፊት ለፊት እያዩ ግራ ማየት አይቻልም፣ አንገት አንድ ነው። ከግራው ጠባብ መንገድ አንድ ብስክሌተኛ ዳቦ ተሸክሞ እየበረረ ወጣ። አሰልጣኟ ሌላ የሚረግጥ ሰው እንዳለ ተመኘች፤ የለም። ረገጠች።

ደወሉ ጮኸ። የቤታቸው ደወል ነው። በልጅነቷ ይህ ድምፅ ሲሰማ ከነበሩበት ተነስተው በሩን የሚከፍቱት ሁልጊዜ አባቷ ነበሩ፤ ተማሪ ይሁን፣ ወተት አምጪ ይሁን፣ ማንም ይሁን፣ ሌላ ሰው ይክፈት ብለው አያውቁም። ብስክሌተኛው እጁን አንስቶ አመሰገነና አለፈ። ቲቸር በዝግታ ወደ ዳር አወጧት፣ ማርሹን ነጻ አደረጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ሞተሩን አጠፉ፣ ቁልፉን ነቀሉ። ከዚያ በሩን ከፍተው ወረዱ።

መኪናዋን በፊት በኩል ዞረው እሷ ጋ መጡ። በሩን ከፈቱላት። ቁልፉን በሁለት ጣታቸው፣ ጠመኔ በሚይዙበት አያያዝ፣ ዘረጉላት።

«ነይ፣ ጨርሺው» አሉ።

አሰልጣኟ ወርዳ ተቀበለች። ቁልፉ ሞቋል፤ እጃቸው ውስጥ ቆይቷል። ከጠዋት ጀምሮ በአፏ ያዘጋጀችው ሁሉ፣ ዓይናቸውን እያየች ልትነግራቸው የነበረው ሁሉ፣ ተነግሮ አልቋል። የነገሩትም እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው አባቷ በመሆኑ ብቻ እዚያ አስፋልት ዳር ቆማ ዓይኗ ሞላ።

«ወንድምሽን ክዳኗን መልስ በይው» አሉ ቀኙ ወንበር ላይ ሲቀመጡ። «መኪናዬ ሞታ አይደለም ከኔ የምትሄደው፣ እየሠራች ነው። እህትሽ ልጅ ታቅፋ ታክሲ ስትጋፋ ትውላለች፤ ትውሰዳት። መካኒኩንም አትቆጡብኝ፤ ያ ልጅ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር።»

«አንተስ አባባ?»

«እኔ ምን ሆንኩ? ቦታ ተቀያየርን እንጂ አውት ኦቭ አልሆንኩም» አሉና ቀበቶአቸውን አሰሩ።

አሰልጣኟ እየሳቀችም እያለቀሰችም ሞተሩን አስነሳች። ማርሽ አስገባች፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች፣ ወደ መንገዱ ልትገባ መሪውን ጠመዘዘች። መኪናዋ ገና ከመንቀሳቀሷ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ደወሉም መንገዱ እስኪሰማ ጮኸ። ዞር ብላ ስታይ አባቷ የቀኙን ፍሬን በተወለወለ ጫማቸው ረግጠው ይዘውታል፤ ዓይናቸው ወደ ፊት ነው፣ ቀኝ እጃቸውን እንደ ተማሪ አውጥተዋል።

«ይቻላል፣ ተናገር» አለች።

«ፍሬቻ አላበራሽም» አሉ ቲቸር።